ከአቤቱታ በፊት መዝገብ፤ የመብራትና የውሃ አገልግሎት መዛግብትን የመጠየቅ መብትና የቅሬታ አቀራረብ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ የመብራትና የውሃ አገልግሎትን በሚመለከት የሚቀርቡ ቅሬታዎች በማስረጃ እጦት እንዳይወድቁ የመረጃ ጥያቄ ምን ሚና እንዳለው ይመረምራል። ስልቱ የሰነድ ትንተና ነው። በአንድ በኩል የኢትዮጵያን የመረጃ ነፃነት ሕግ፣ በሌላ በኩል በአሜሪካዋ የፍሊንት ከተማ በውሃ ብክለት ዙሪያ የተገለጡትን መዛግብት ይመለከታል። የጽሑፉ መከራከሪያ ቅሬታ አቅራቢው አስቀድሞ መዝገቡን ሲያገኝ የቅሬታው ይዘት ራሱ ሊለወጥ ይችላል የሚል ነው። ሳይመረመር የቀረበ ቅሬታ እውነተኛ በደልን ይዞ በተሳሳተ ምክንያት ውድቅ ሊደረግ ይችላል።

ቁልፍ ቃላት፦ የመረጃ ነፃነት፣ የሕዝብ አገልግሎት፣ የቆጣሪ ንባብ፣ ቅሬታ፣ አስተዳደራዊ ፍትሕ

1. መግቢያ

ከመንግሥት አገልግሎቶች መካከል መብራትና ውሃን ያህል በየዕለቱ ከቤተሰብ ሕይወት ጋር የሚገናኝ የለም። ቢል በየወሩ ይመጣል፤ መስመር ይቋረጣል፤ ውሃ በፈረቃ ይለቀቃል። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ግንኙነት ውስጥ መዝገቡን የሚይዘው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ቆጣሪው ቤት ደጃፍ ላይ ቢሰቀልም የንባቡ ታሪክ፣ የታሪፉ ስሌት፣ የጥገናውና የመቋረጡ መዝገብ የሚገኘው በአገልግሎት ሰጪው ተቋም እጅ ነው። ደንበኛው ያለው የተከፈለበት ደረሰኝና የራሱ ትውስታ ነው።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በአገልግሎት ሰጪና በደንበኛ መካከል በሚነሣ ክርክር ይህ አባባል ቃል በቃል ይሠራል። አንዱ ወገን በቃል፣ ሌላው በጽሑፍ ሲከራከሩ ውጤቱን አስቀድሞ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ ደንበኛው በተቋሙ እጅ የሚገኘውን መዝገብ በሕግ መንገድ ማግኘት ቢችል፣ የሚያቀርበው ቅሬታ በምን ይለያል?

2. የመረጃ ጥያቄና ቅሬታ፤ የጽንሰ ሐሳብ ልዩነት

በአገራችን የአቤቱታ ባህል ረጅም ዕድሜ አለው። ተበደልሁ ባይ በባለሥልጣን ደጅ ቆሞ «አቤት» ሲል፣ የሚጠይቀው ፍርድን ብቻ ሳይሆን ርኅራኄንም ጭምር ነበር። የዚህ ባህል አሻራ ዛሬም በማመልከቻ አጻጻፋችን ይታያል። ብዙ ማመልከቻዎች የደረሰውን ችግር ጽኑነት፣ የቤተሰቡን ብዛትና የአመልካቹን አቅም በሰፊው ይዘረዝራሉ፤ ቀን፣ ቁጥርና መዝገብ ግን እምብዛም አይጠቅሱም።

የመረጃ ጥያቄ ከዚህ የተለየ ባሕርይ አለው። ቅሬታ አንድ ነገር ተሳስቷል ብሎ እንዲታረም ይጠይቃል። የመረጃ ጥያቄ ግን ማንንም ጥፋተኛ አያደርግም፤ አንድ መዝገብ እንዲታይ ወይም ቅጂው እንዲሰጥ ብቻ ይጠይቃል። ቅሬታን ለመቀበል ተቋሙ ስህተቱን ማመን ይጠበቅበታል፤ መዝገብን ለመስጠት ግን መዝገቡን ፈልጎ ማውጣት በቂው ነው። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ማቀላቀል አንደኛውን በሌላው ያዳክማል። «ለምን ይህን ያህል ጨመረብኝ?» የሚል ጥያቄ ማብራሪያን ይጋብዛል፤ ማብራሪያ ደግሞ ያለ ሰነድም ሊሰጥ ይችላል። «ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው የቆጣሪ ንባብ ዝርዝር ይሰጠኝ» የሚለው ግን በመዝገብ ብቻ የሚመለስ ነው።

3. የሕግ ማዕቀፍ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ዕድል ከሐሳብ ነፃነት ጋር አያይዞ ያስቀምጣል። አንቀጽ 37 ደግሞ በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብን መብት ያረጋግጣል። ሦስቱ አንቀጾች አንድ ላይ ሲነበቡ የዚህን ጽሑፍ ርእስ ሁለት ክንፎች፣ ማለትም መዝገብን የማየትንና በመዝገቡ ላይ ተመሥርቶ የመከራከርን መብት ይሸከማሉ።

ዝርዝሩ የሚገኘው በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። የአዋጁ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ቢተካም፣ መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል ራሱን ችሎ የሚነበብ ነው። ለዚህ ጥናት አራት ነጥቦቹ ልዩ ትኩረት ይሻሉ።

አንደኛ፣ አዋጁ «የመንግሥት አካል» የሚለውን ቃል በሰፊው ይተረጉመዋል። ትርጓሜው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ሳይሆን በመንግሥት ባለቤትነት ወይም ቁጥጥር ሥር ያሉ፣ ወይም በዋናነት በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ተቋማትንም ያካትታል። የመብራትና የከተማ ውሃ አቅራቢ ተቋማት የንግድ መልክ ቢኖራቸውም ከዚህ ትርጓሜ የሚወጡ አይደሉም።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው በጽሑፍም በቃልም ሊቀርብ ይችላል፤ በቃል የቀረበውን በጽሑፍ የማስፈር ኃላፊነት የተቋሙ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ደንበኞች ከመብቱ ውጭ እንዳይሆኑ የሚያደርገው ይህ ድንጋጌ ነው። ያም ሆኖ መጻፍ ለሚችል ሰው የጽሑፍ ጥያቄ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ጊዜ መቁጠር የሚጀምረው ጥያቄው ከደረሰበት ቀን ነው።

ሦስተኛ፣ አዋጁ የ30 ቀን የመልስ ጊዜ ያስቀምጣል፤ ጊዜው በበቂ ምክንያት ሊራዘም ይችላል። የተከለከለ ወይም መልስ ያጣ ጠያቂ በመጀመሪያ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።

አራተኛ፣ መብቱ ገደብ አለው። የሦስተኛ ወገን የግል ሕይወት፣ የንግድ ምስጢር፣ የአገር ደኅንነትና የወንጀል ምርመራ ከተከለከሉት መካከል ናቸው። ስለዚህ አንድ ደንበኛ የራሱን የንባብ ታሪክ መጠየቅ ይችላል፤ የጎረቤቱን ቢል ግን መጠየቅ አይችልም። የአካባቢውን ችግር ማሳየት የሚፈልግ ሰው የግለሰቦችን ሳይሆን የትራንስፎርመሩን ወይም የመስመሩን የመቋረጥ መዝገብ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ምርጫ ከክልከላው ያርቃል፤ ለክርክሩም የበለጠ ይጠቅማል።

ከመረጃ ሕጉ ጎን የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መታየት አለበት። አዋጁ አስተዳደራዊ ውሳኔ በምክንያት የተደገፈ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ውሳኔዎችም በፍርድ ቤት የሚከለሱበትን መንገድ ይከፍታል። በኤሌክትሪክ ዘርፍ ደግሞ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የተደራጀው የዘርፉ ተቆጣጣሪ አለ። በዚህ መሠረት አንድ የመብራት ቅሬታ በአገልግሎት ሰጪው፣ በተቆጣጣሪው፣ በእንባ ጠባቂው ተቋምና በፍርድ ቤት ደጃፍ ሊያልፍ ይችላል። በሁሉም ደጃፎች ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰነድህን አምጣ» የሚል ነው።

4. መዝገቡ ቅሬታውን እንዴት ይለውጠዋል? ምሳሌያዊ ስሌት

ነጥቡን ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አሃዞቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ በሥራ ላይ ያለን ታሪፍ የሚያመለክቱ አይደሉም። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው በእርከን ከፍ የሚል ታሪፍ አለ እንበል። የመጀመሪያው 100 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዱ በ1 ብር፣ ከ101 እስከ 200 ያለው በ2 ብር፣ ከ200 በላይ ያለው በ3 ብር ይሰላል። ቤተሰቡ በየወሩ 150 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል። ንባቡ በየወሩ በትክክል ቢወሰድ ወርኃዊ ክፍያው 200 ብር፣ የሦስቱ ወራት ድምር 600 ብር ይሆናል።

አሁን ቆጣሪ አንባቢው ለሁለት ወራት ሳይመጣ ቀረ እንበል። ተቋሙ ለእያንዳንዱ ወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ገምቶ አስከፈለ። በሦስተኛው ወር ትክክለኛ ንባብ ተወሰደ። መነሻው 8,200 የነበረው ቆጣሪ በግምት 8,260 ከዚያም 8,320 ተብሎ ከተመዘገበ በኋላ በንባብ 8,650 ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በሦስተኛው ወር 330 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቀማችሁ የሚል ቢል ይመጣል። ክፍያው ለመጀመሪያው እርከን 100 ብር፣ ለሁለተኛው 200 ብር፣ ለሦስተኛው 390 ብር፣ በድምሩ 690 ብር ነው። ከሁለቱ ወራት 120 ብር ጋር ሲደመር 810 ብር ይሆናል። ቤተሰቡ ለተመሳሳይ ፍጆታ 210 ብር ትርፍ ከፍሏል።

የቤተሰቡ አባወራ መዝገቡን ሳያይ ቅሬታ ቢያቀርብ ምን ይላል? ምናልባት «ቆጣሪው ተበላሽቷል» ይላል፤ ከ60 ብር ወደ 690 ብር የዘለለ ቢል ሌላ ምን ያሳስባል? ተቋሙ ቆጣሪውን ይመረምራል፤ ቆጣሪው ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። የ450 ኪሎዋት ሰዓቱ ድምር ትክክል ነውና። ቅሬታው ውድቅ ይሆናል፤ ውድቅ ያደረገው ሠራተኛም አልዋሸም። በደሉ ግን እንዳለ ይቀራል። ስህተቱ ያለው በቆጣሪው ውስጥ ሳይሆን የሦስት ወር ፍጆታ በአብዛኛው ወደ አንድ ወር ተገፍቶ በከፍተኛው እርከን በመሰላቱ ነው።

ይህን የሚያሳየው አንድ ሰነድ ብቻ ነው፦ የእያንዳንዱን ንባብ ቀን፣ አሃዙን፣ ንባቡ በአካል የተወሰደ ይሁን በግምት የተሞላ፣ የተሠራበትን ታሪፍና የቆጣሪውን መለያ ቁጥር የያዘው የንባብ ዝርዝር። እርሱን የያዘ ደንበኛ ቆጣሪው እንዲመረመርለት አይጠይቅም፤ ፍጆታው ለሦስቱ ወራት ተከፋፍሎ እንደገና እንዲሰላለት ይጠይቃል። በአጭሩ መዝገቡ ቅሬታውን ከማጠናከር አልፎ ይዘቱን ራሱን ቀይሮታል።

በውሃም ተመሳሳይ ነገር አለ። ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅበት አካባቢ መስመሩ ባዶ ሆኖ ይቆይና ውሃው ሲመለስ ከፊቱ ያለውን አየር ይገፋል፤ በቆጣሪ ውስጥ የሚያልፍ አየር ደግሞ ቆጣሪውን ሊያሽከረክር ይችላል። እዚህ ላይ የንባብ ዝርዝሩ ብቻውን አይበቃም። ውሃው የተለቀቀባቸውን ቀናትና ሰዓታት የሚያሳየው የፈረቃ መዝገብ ከጎኑ ሊቀመጥ ይገባል። ውሃ ባልመጣባቸው ሳምንታት ከፍ ያለ ፍጆታ የሚታየው ሁለቱ መዛግብት ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው።

5. የፍሊንት ተሞክሮ

በሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ፍሊንት ከተማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ወጪ ለመቀነስ ስትል ከዲትሮይት ታገኘው የነበረውን ውሃ ትታ ወደ ፍሊንት ወንዝ ዞረች። የወንዙ ውሃ ቧንቧን የሚበላ ሆኖ ሳለ መከላከያ ንጥረ ነገር አልተጨመረበትም። ከአሮጌ ቱቦዎች እርሳስ ወደ ውሃው መግባት ጀመረ። ነዋሪዎች ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሽታውና ስለ ልጆቻቸው ጤና ቅሬታ አሰሙ። የተሰጣቸው መልስ ግን ውሃው መስፈርቱን ያሟላል የሚል ነበር።

መልሱን የለወጠው የቅሬታው ብዛት ብቻ አልነበረም። ሊአን ዋልተርስ የተባለችው ነዋሪ በቤቷ ውሃ ላይ የተደረገውን ምርመራ ውጤት ይዛ መከራከር ጀመረች፤ በቤቷ በአንድ ቢሊዮን 104፣ ኋላም 397 የእርሳስ መጠን ተመዝግቦ ነበር። የቨርጂኒያ ቴክ ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስና ባልደረቦቻቸው ከነዋሪዎች ጋር ሆነው ናሙና ሰበሰቡ፤ በመረጃ ነፃነት ሕግም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ደብዳቤዎችና ሪፖርቶች ጠየቁ።

ከተገለጡት መዛግብት መካከል ለዚህ ጥናት ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው እ.ኤ.አ. የ2015 የመጀመሪያ አጋማሽ የናሙና ሪፖርት ነው። በመጀመሪያው ቅጂ 71 ናሙናዎች ነበሩ፤ በተስተካከለው ቅጂ 69 ሆኑ። ከወጡት ሁለት ናሙናዎች አንዱ የዋልተርስ ቤት ነበር። ለመውጣታቸው ደንብን የጠቀሰ ምክንያት ተሰጥቷል፤ አንደኛው ቤት ማጣሪያ ነበረው፣ ሌላው መኖሪያ አልነበረም ተባለ። ነገር ግን የፌዴራሉ ሕግ እርምጃ የሚያስወስደውን መጠን በአንድ ቢሊዮን 15 አድርጎ አስቀምጧል፤ በሁለቱ ናሙናዎች መውጣት ምክንያት ለዚህ መለኪያ የሚወሰደው አሃዝ ከ18 ወደ 11 ወረደ። በሌላ አነጋገር ከተማዋን ከጥፋት ወገን ወደ ትክክለኛው ወገን ያሻገረው የውሃው መጥራት ሳይሆን የሁለት መስመሮች ከሰንጠረዥ መውጣት ነበር። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ወደ ዲትሮይት ውሃ ተመለሰች።

ከዚህ የሚወሰደው የአሠራር ትምህርት ግልጽ ነው። «ውሃው ንጹሕ ነውን?» ለሚለው ጥያቄ «አዎን» የሚል መልስ ተሰጥቷል። የናሙናዎቹ ዝርዝርና የሪፖርቱ ተከታታይ ቅጂዎች ሲገኙ ግን «አዎን» የተባለበት መንገድ ታየ። ስለዚህ መዝገብ ጠያቂ የመጨረሻውን ሪፖርት ብቻ ሳይሆን ሪፖርቱ የተሠራበትን ጥሬ ዝርዝርና ከእርሱ በፊት የነበሩትን ቅጂዎችም ሊጠይቅ ይገባዋል።

በተመሳሳይ ዘመን ቅርብ ታሪክ ውስጥ በዋሽንግተን ዲሲም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በመጠጥ ውሃ ውስጥ የእርሳስ መጨመር ታይቶ ነበር። በዚያች ከተማ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። መዝገብ የመጠየቅ መብት መዝገቡን ከመረዳት ዕድል ጋር ካልተያያዘ ግማሽ እንደሚሆን ይህ ሕግ ያስታውሳል።

6. የአቀራረብ ሥርዓት

ከላይ ከተባለው በመነሣት የሚከተለው ቅደም ተከተል ይቀርባል።

ሀ) የራስን መዝገብ መጀመር። ደንበኛው ቆጣሪውን በየወሩ በተወሰነ ቀን አንብቦ ይመዝግብ፤ ፎቶግራፍ ቢያነሣ ይመረጣል። የመቋረጥ ቀንና ሰዓትም ይጻፍ። የተቋሙ መዝገብ ሲመጣ የሚመሳከረው ከዚህ ጋር ነው።

ለ) መዝገቡን በስሙ መጠየቅ። ጥያቄው ጊዜን፣ የደንበኛ ቁጥርንና የሰነዱን ዓይነት ይግለጽ። አንድ አጭር አብነት የሚከተለው ነው፦

«ጉዳዩ፦ መረጃ ስለመጠየቅ። በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 30 ባለው ጊዜ በደንበኛ ቁጥሬ የተመዘገበው የቆጣሪ ንባብ ዝርዝር፣ ንባቦቹ በአካል የተወሰዱ ወይም በግምት የተሞሉ መሆናቸውን የሚያሳይ መግለጫ፣ እንዲሁም ክፍያው የተሰላበት የታሪፍ ሰንጠረዥ ቅጂ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከተጠየቀው ውስጥ የማይሰጥ ቢኖር የሚከለክለው ድንጋጌ ተጠቅሶ በጽሑፍ ይገለጽልኝ።»

ሐ) ገቢ ማስደረግ። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ቀን ካልተሰጠው፣ ቀሪው ቅጂም ካልተመታበት፣ በሕግ ዓይን እንዳልቀረበ ሊቆጠር ይችላል።

መ) መዝገቡን አንብቦ ቅሬታውን መወሰን። ቅሬታው የንባብ፣ የስሌት፣ የቆጣሪ ወይም የአቅርቦት መሆኑ የሚለየው በዚህ ደረጃ ነው። የሚጠየቀው መፍትሔም ከዓይነቱ ጋር ይስማማ።

ሠ) ደረጃውን ጠብቆ መሄድ። በቅድሚያ ለአገልግሎት መስጫ ማእከሉ፣ ቀጥሎ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚና ለበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለተቆጣጣሪው ወይም ለእንባ ጠባቂው ተቋም ይቀርባል። የወረዳና የክፍለ ከተማ ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤቶች በተለይ ችግሩ የብዙ ቤቶች ሲሆን ይጠቅማሉ። በየደረጃው የተሰጠው ውሳኔ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የቃል መልስ ይግባኝ አይባልበትም።

7. ውስንነቶች

የቀረበው መንገድ ሦስት ውስንነቶች አሉት። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የ30 ቀን የመልስ ጊዜ እየተቆጠረ መስመሩ ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ ያልተከፈለ ቢል ያለበት ደንበኛ የመረጃ ጥያቄውን ጉዳዩ እስኪጣራ መስመሩ እንዳይቋረጥ ከሚጠይቅ የተለየ ማመልከቻ ጋር ማቅረብ ይኖርበታል። ሁለተኛው መዝገቡ ራሱ ነው። ሕግ ያለን መዝገብ ያስወጣል እንጂ ያልተያዘን አይፈጥርም። የፈረቃ ወይም የመቋረጥ መዝገብ በማይያዝበት ቦታ «መዝገብ የለም» የሚለው የጽሑፍ መልስ በራሱ የአሠራር ጉድለት ማስረጃ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። ሦስተኛው የአቅም ልዩነት ነው። ደብዳቤ መጻፍ፣ ደጅ መመላለስና ሰንጠረዥ ማንበብ የሚችለው ደንበኛ ከማይችለው ይልቅ ይጠቀማል። በዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከላት ይህን ክፍተት ለመሙላት ምቹ ስፍራ ናቸው፤ የሕግ፣ የስታቲስቲክስና የምህንድስና ተማሪዎች አንድን የንባብ ዝርዝር አብረው ቢመረምሩ ለትምህርትም ለአገልግሎትም ይበጃል።

8. ማጠቃለያ

የመረጃ ነፃነት ሕግ ብዙውን ጊዜ የጋዜጠኞችና የፖለቲካ መሣሪያ ሆኖ ይታያል። ይህ ጽሑፍ ግን በአንድ ቤተሰብ የ210 ብር ልዩነት ላይም እንደሚሠራ ለማሳየት ሞክሯል። ገንዘቡ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ንባቡ በአንድ ሰፈር ሙሉ በግምት ሲሞላ ትንሽነቱ ያበቃል፤ በፍሊንት እንደታየውም ከሰንጠረዥ የወጡ ሁለት መስመሮች የልጆችን ጤና የሚመለከቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ለቀጣይ ጥናት የሚቀረው በተመረጡ የአገልግሎት መስጫ ማእከላት የመረጃ ጥያቄ አቅርቦ የመልሱን ጊዜ፣ ይዘትና የክልከላውን ምክንያት መመዝገብ ነው። እንዲህ ያለው ጥናት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ገቢ የተደረገበት ደብዳቤ፣ የቀን መቁጠሪያና ትዕግሥት ይበቁታል።